የጊፋታ ሰንጋ ትንበያ

ወላይታ ሶዶ ተመድቤ ኢኮኖሚክስ ማስተማር ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ለምርምሬ የከብት ገበያ ዋጋን የሚተነብይ ሞዴል ሠራሁ። ዝናቡን፣ መኖውን፣ የነዳጁን ዋጋ አስገብቼበታለሁ። የአከራዬን አፍ ግን አላስገባሁም።

አከራዬ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። የሰፈራቸው የቅርጫ ሰብሳቢ ነበሩ፤ አሥር ቤት ዓመቱን ሙሉ እየቆጠበ ለጊፋታ፣ ለወላይታ አዲስ ዓመት፣ አንድ ሰንጋ ገዝቶ ይካፈላል። ያን ዓመት ልጃቸውን ድረው ስለነበር አማቻቸው ከነወላጆቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓሉን እሳቸው ቤት ሊውሉ ነው። ሥጋ ከጎደለ ውርደቱ የእሳቸው ነው።

«መምህር፣ ሰንጋ መቼ ትረክሳለች ይላል ኮምፒውተርዎ?» አሉኝ።

«ከበዓሉ በፊት ባለው የመጨረሻ ገበያ ሳይወርድ አይቀርም» አልኳቸው።

የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። የእኔ ቃል አልጠፋም። በማግስቱ ዱቦ ያሉት እህታቸው ዘንድ ደረሰ፤ በሳምንቱ ሻንቶ ገበያ ላይ አንድ ሰው መልሶ ለእኔው ነገረኝ። መንገድ ላይ «ሳይወርድ አይቀርም» ያልኩት «ይወርዳል፣ ዩኒቨርሲቲው አጥንቷል» ሆኗል። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ጥናቴን እስከዚያ ቀን ከገምጋሚዎቹ በቀር ከቁም ነገር የቆጠረው አልነበረም።

ወሬውን የሰማ ገበሬ ዋጋው ሳይወድቅበት ብሎ በሬውን ቀድሞ ከሩቅ ለመጡ ነጋዴዎች ሸጠ። ሻጭ ስለበዛ ዋጋው እውነትም ትንሽ ወረደ። አከራዬ ይህን ሲያዩ በሞዴሉ ይበልጥ አመኑ።

«ገና ትወርዳለች፣ እንጠብቅ» ብለው ለቅርጫው አባላት ነገሩ። ሌሎቹ ቅርጫዎችም ጠበቁ። እኔ ግራፉን ለተማሪዎቼ አሳየሁ።

በመጨረሻው የገበያ ቀን አብረን ሻንቶ ሄድን። ገዢው እንደ ጉድ ነው፤ ሰንጋ የለም። የሰባው በሬ ሁሉ በመኪና ተጭኖ ካለቀ ሰንብቷል። የቀሩት ባለቤቶች የጠሩት ዋጋ የቅርጫው ቁጠባ እጥፍ ሆነ። ከሌላ ቅርጫ ጋር ተዳብለን አንድ ከሲታ በሬ ገዛን። ሃያ ቤት ተካፈለው።

በበዓሉ ቀን እኔም ተጠርቼ ነበር። የአማቹ አባት ሳህኑን አየት አድርገው «ዘንድሮ ሰንጋ ጠፍታለች መሰለኝ» አሉ በጨዋነት።

«እኔ ነኝ፤ ሰንፌ ዘግይቼ ገዛሁ» አሉ አከራዬ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያለችውን ሥጋ ለእንግዶቹና ለእኔ አካፈሉ። ለራሳቸው ቆጮና ጎመን አቀረቡ። ምነው ሲባሉ «ሥጋ ብዙም አልወድም» አሉ። ሲዋሹ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ዓመቱን ሙሉ ለዚያች ሥጋ ሲቆጥቡ አይቻቸዋለሁ። አንገቴን ደፍቼ በላሁ።