ሰይፈ ሰፊው የካደባቸው ሰኞዎች

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች አንዲት በረንዳ፣ ሰይፈ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ አርሰናልን ሲደግፍ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰኞ ሰኞ ሲክድ ኖረ። ቡድኑ ከተሸነፈ በማግስቱ የስፌት መኪናውን ያቆምና፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ አስተካክሎ፣ እንደ አዋጅ ነጋሪ ድምፁን ከፍ ያደርጋል።

«ስሙኝማ! ከዛሬ ጀምሮ አርሰናልን ትቻለሁ። ቼልሲ ነኝ። ያለፈው በስሕተት ነው።»

ኳሱ ሲያልቅ ፖለቲካው ይቀጥላል። አንድ ሳምንት የገዥው ፓርቲ አባል ይሆናል፤ በሚቀጥለው ንስሐ ገብቶ ተቃዋሚ ነው። አንዴማ በስኳር መጠቅለያ ወረቀት ላይ መልቀቂያ ጽፎ፣ «ከማንኛውም ድርጅት፣ ወደፊት ከሚቋቋሙትም ጭምር» መሰናበቱን ቆሞ አነበበ። «ኧረ አንተ ሰው፣ አንድ ቦታ እርጋ» ሲሉት፣ «ምን ላድርግ፣ ልቤም እንደኔው ሰፊ ነው» ይላል። በረንዳው በሳቅ ይሞላል። ከሁሉ አብልጦ የሚስቀው አብሮ አደጉ መምህር ንብረት ነበር፤ እዚያች አግዳሚ ላይ አረፍ ሳይል ቤቱ አይገባም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከተማዋ ጠዋት የአንዱ፣ ከሰዓት የሌላው ሆነች። መንገድ ተዘጋ፣ ኢንተርኔት ጠፋ፣ ሰው በሰው ፊት መሳቅ ፈራ። ሰይፈ ግን አመሉን አልተወም። አንድ የሐምሌ ቀን ዝናብ ሰዉን በትኖት ሁለቱ ብቻ በቀሩበት፣ «እንግዲህ ንብረት፣ ከዛሬ ጀምሮ ደጋፊ ነኝ» አለ።

«የማን?»

«ከተማው ውስጥ ማን እንደሚያድር ሲታወቅ እነግርሃለሁ።»

ንብረት እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

ሳምንት ሳይሞላ ታጣቂዎች መጥተው ሰይፈን ከሥራው ላይ ወሰዱት። አንድ መጋዘን ውስጥ አሥራ አንድ ቀን ከረመ። የሚመረምረው ገና ለጋ ወጣት ነው፤ ደብተር ገልጦ ያነባል።

«በዚህ ቀን ድርጅቱን ትቻለሁ ብለሃል። በዚህ ቀን ተመልሻለሁ ብለሃል። እያመላለሰ የሚልክህ ማን ነው?»

«ጌታዬ፣ ቀልድ ነው። ቼልሲ ሆኛለሁም ብዬ ነበር።»

«እሱም ተጽፏል» አለ ልጁ፣ ሳይስቅ።

ጥፊውንም እርግጫውንም ሰይፈ ቻለው። ያልቻለው የደብተሩን የመጨረሻ መስመር ነው። «ማን እንደሚያድር ሲታወቅ እነግርሃለሁ» የሚለው ቃል በቃል ሰፍሯል። ያን ቀን ከዝናቡ ሌላ ይህን የሰማ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ተፈትቶ ቤቱ ሲገባ ንብረት ስኳርና ዳቦ ይዞ ሊጠይቀው መጣ። የሰይፈ ሚስት ያይኔአበባ ወንበር ሰጥታው ወደ ጓዳ ገባች። ንብረት አቀረቀረ።

«እኔንም ይዘውኝ ነበር፣ ሰይፈ» አለ። «የአንድ ዘመዴን ስም ጠርተው። በረንዳው ላይ ምን ይወራል አሉኝ። ማንንም የማይጎዳ ነገር ስፈልግ ያንተን ቀልድ ነገርኳቸው። እነሱም የሚስቁ መስሎኝ ነበር።»

ሰይፈ ቀና ብሎ አየው። መሳደብ አማረው፤ ማልቀስም አማረው። ዓይኑ ግን የሄደው ወደ ንብረት ኮት ነው፤ የእጅጌው ጠርዝ ተተርትሯል።

«አውልቀው» አለው። በመርፌ ሰፋለት፣ ክሩን በጥርሱ በጠሰ፣ ኮቱን መለሰለት። «ከእንግዲህ ሌላ ሰፊ ፈልግ።»

በጥቅምት የስፌት መኪናውን አይሱዙ ላይ ጭኖ፣ ሚስቱን ይዞ ቡሬ ገባ። እዚያ የሚያውቀው የለም። የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል፣ የቄስ ቀሚስ ይሰፋል። ጎረምሶች ስለ ጨዋታ ሲከራከሩ፣ የመኪናው ድምፅ እንዲሸፍናቸው ፔዳሉን ጠንከር አድርጎ ይረግጣል። «ያንተስ ቡድን ማን ነው?» ካሉት፣ «ኳስ አላውቅም» ይላቸዋል።

አንድ ቀን እናኑ የሚባሉ ጎረቤት የተሰፋ ቀሚሳቸውን ሊወስዱ መጡና ያይኔአበባን ጠጋ አሏት።

«ባልሽ ጨዋ ሰው ነው፣ ልጄ። ግን ሲፈጥረውም እንዲህ ዝምተኛ ነው?»

ያይኔአበባ የታጠፈውን ቀሚስ ዘርግታ እንደገና አጠፈችው።

«አዎ፣ እትዬ» አለች። «ሲፈጥረው ነው።»