አባቴ ያባረሩብኝ ጭላዳዎች

"ሃይ! ሃይ!" የሚል ጩኸት ከጀርባዬ ሲመጣ ካሜራዬን ገና ማስተካከሌ ነበር። ሳር ሲግጡ የነበሩት ጭላዳ ዝንጀሮዎች ባንዴ ገደሉን ይዘው ወረዱ።

የጮኹት አባቴ ናቸው። የአፈር ጓል ሁሉ አንስተው ነበር። ቁጣው ደግሞ በአዊኛ ነው፤ የስሜን ጭላዳ ግን በደንብ ገባው።

ከእንጅባራ ሁለት ቀን ተጉዘን ስሜን ተራሮች ፓርክ የመጣነው እኔ ፎቶ ላነሳ ነው። አባቴን ይዤ የመጣሁት ራሴ ነኝ፤ ማንን ልውቀስ?

አባቴ ገበሬ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የበቆሎ ማሳቸውን ከዝንጀሮ ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ዛሬም እጃቸው ከሐሳባቸው ቀደመ።

የፓርኩ ጠባቂ ሳቁን እየዋጠ "አባባ፣ እዚህ እኮ የሚጠበቅ በቆሎ የለም" አላቸው።

በጣም አፈሩ። ጓሉን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡና ጋቢያቸውን ተከናንበው ውርጭ ያልለቀቀው ሳር ላይ ቁጭ አሉ።

"አባባ፣ እንሂድ፤ ይበርድዎታል" አልኳቸው።

"እስኪመለሱ አልነሳም።"

ከአንድ ሰዓት በኋላ ጭላዳዎቹ ተመለሱ። አንዲት እናት ልጇን አዝላ አባቴ ፊት ለፊት ቁጭ ብላ ሳር ትነጭ ጀመር። አባቴ ሲያዩዋት ቆዩ።

ከዚያ በሹክሹክታ "ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው ጀርባቸውን ነው ልጄ" አሉኝ። "ፊታቸውን ዛሬ አየሁት።"

ካሜራዬን ከእሷ መልሼ እሳቸውን አነሳሁ። ከሁለት ቀን መንገድ የተረፈኝ ፎቶ ይኸው ነው።

የእናንተስ አባት ወይም እናት በስተርጅና ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ነገር ምን ነበር? ጻፉልኝ፤ ማታ ለአባቴ አነብላቸዋለሁ።