ፊቴ ግድግዳ ላይ የሰነበተበት ሳምንት

የእድሩ ጥሩምባ ነፊ በራችንን ያንኳኳው ጉሙ ገና ሳይገለጥ ነበር። ከፍቼ ስወጣ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ የጋቢውን ጫፍ አፉ ላይ ያዘ።

«ምነው፣ በደህና?» አልኩት።

«እርስዎ… ቤት ነዎት?»

«የት ልሁን?»

«ድንኳኑን የት እንትከል ልል ነበር የመጣሁት» አለ። ድንጋጤው ወደ ቅሬታ ተለወጠ። «ይህን ያህል ዘመን ጥሩምባ ስነፋ፣ እኔ ሳልለፍፍ የሞተ ሰው በዚህ ሰፈር የለም። እንዲህ በወረቀት ከተለፈፈ የእኔ ሥራ ምን ሊሆን ነው?»

ወረቀቱ የልጅ ልጄ ፊልም ማስታወቂያ ነበር። ትናንት የገበያ ቀን ስለነበር በመናኸሪያው አጥር፣ በገበያው ቆርቆሮ፣ ደባርቅ ውስጥ ሰው በሚያልፍበት ግድግዳ ሁሉ ላይ ለጥፋዋለች። በወረቀቱ ላይ ያለችው እኔ ነኝ።

ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እኔ ዘንድ ያደገች ናት። ጎንደር ፊልም ትማራለች። መንገድ ሲዘጋ ትምህርቱ ይቆማል፣ ሲከፈት ይቀጥላል፤ አብረዋት የገቡት ብዙዎቹ ሌላ ሥራ ይዘው ቀሩ፤ እሷ አልተወችም። የመጨረሻ ሥራቸው አጭር ፊልም ነው። ፊልሙን ብቻ ሠርቶ መስጠት አይበቃም፤ ፖስተሩንም ሠርተው፣ ሰውም ጠርተው፣ በየአገራቸው ማሳየት አለባቸው። መምህሩ መጥቶ ተመልካቹን አይቶ፣ ጠይቆ ነው ውጤት የሚሰጠው። አዳራሹ ባዶ ከሆነ ሥራው እንዳልተሠራ ይቆጠራል፤ አንድ ዓመት ደግሞ መጠበቅ ነው። ለሌላ ዓመት የሚሆን ጉልበት የቀራት አይመስለኝም ነበር። እኔም የለኝም።

የፊልሙ ታሪክ ከእኔ የተወሰደ ነው። ሳልጠየቅ አይደለም፤ ተጠይቄ ዝም ስላልኩ ነው። መንገዱ ተዘግቶ እሷ ጎንደር በቀረች ጊዜ፣ ከሰዓት ከሰዓት መናኸሪያ እየሄድኩ እቀመጥ ነበር። መኪና እንደማይመጣ አውቃለሁ። ቤት ከመዋል ይሻላል ብዬ ነው። ለማንም አልተናገርኩም፤ መንገዱ ተከፍቶ ስትመጣ ግን እዚያ ሻይ የምትሸጠው ሴት ነገረቻት። ያን ጊዜ ምንም አላለችኝም። ከቆየ በኋላ ይኸው ፊልም ሆኖ መጣ፤ ርእሱንም «የቀረው መኪና» አለችው። አንዲት አሮጊት መናኸሪያ ትቀመጣለች። ጉሙ ይመጣል፣ ጉሙ ይሄዳል። ተነሥታ ቤቷ ትገባለች። ሌላ ነገር የለውም።

«ተዋናይ አልፈልግም። አንቺ እንደ ልማድሽ ተቀመጪ» አለችኝ። ተቀመጥኩ። መቀመጥ እንኳ አያቅተኝም።

ችግሩ የመጣው በፖስተሩ ነው። ካሜራ የያዘላት የክፍሏ ልጅ የዳባት ተወላጅ ነው፤ እጁ ጎበዝ፣ አፉ ዕረፍት የማያውቅ። ፎቶ ሊያነሣኝ የመጣ ዕለት ስልኩን አውጥቶ የብዙ ፊልም ፖስተር አሳየኝ።

«እማማ፣ ይኸ ነገር ሕግ አለው» አለኝ። «የፍቅር ከሆነ ወንድና ሴት ጀርባ ለጀርባ፣ ከኋላቸው ፎቅ። ኮሜዲ ከሆነ ዓይኑን ያፈጠጠ ሰው። የቤተሰብ ታሪክ ከሆነ ደግሞ እናት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች፤ ልጇ ሱፍ ለብሶ ከላይ ይታያል፤ ጽሑፉ ቀይ። መንገደኛው ሳይቆም አይቶ ምን ዓይነት ፊልም እንደሆነ ማወቅ አለበት።»

«እኛን ደግሞ ሕጉን ተጠቀሙበት፣ አንድ ቦታ ላይ ስበሩት፣ ለምን እንደሰበራችሁም አስረዱ ተብለናል» አለች የልጅ ልጄ። «እናትየዋ ትኑር፣ ነጠላውም ይኑር። የምሰብረው እንባውን ነው።»

«እንባውን ካወጣሽበት ምን ይቀራል? የመታወቂያ ፎቶ!» አላት። ከዚያ ከኪሱ የጉንፋን ቅባት አወጣ። «እማማ፣ ከዓይንዎ ሥር ትንሽ። አንዲት የእንባ ዘለላ ብቻ።»

«ልጄ፣ ለእውነተኛው ያላወጣሁትን ለፖስተር አላወጣም» አልኩት።

«ውይ! ይኸን እኮ ነበር ከሥሩ መጻፍ!» ብሎ ሳቀ። ቅባቱን ግን ወደ ኪሱ መለሰው።

እንደ እሷ ሐሳብ ፎቶ ተነሣሁ። ነጠላ ለብሼ፣ ፊት ለፊት እያየሁ፣ ሳልስቅ፣ ሳላለቅስ። ከኋላዬ ፎቅ የለም፣ ጋራም የለም፤ ጥቁር ነው። ከሥር የፊልሙ ርእስ በቀጭን ነጭ ፊደል፣ ቀጥሎ ቀኑ፣ ሰዓቱና አዳራሹ። ጎንደር ታትሞ ሲመጣ አየሁት፤ ደህና መሰለኝ።

በከተማችን ግድግዳ የአሮጊት ፎቶ የሚለጠፈው ለአንድ ነገር ነው። ሰው ሞቶ አርባው ወይም ሙት ዓመቱ ሲደርስ፣ ልጆቹ ፎቶውን በጥቁር መደብ ላይ ያሳትሙታል፤ ከሥሩ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ያስጽፋሉ። ከዓመት ወደ ዓመት እየተለመደ የመጣ ነገር ነው። እኔም ከገበያ ስመለስ ዘንቢሌን መሬት አድርጌ ስንቱን አንብቤ «ነፍስ ይማር» ብያለሁ። የራሴ ፊት ሲሆን አላስተዋልኩትም። ሁለቱ ተማሪዎችም የፊልሙን ፖስተር ከሌላ ፊልም ፖስተር ጋር ነበር ሲያስተያዩ የሰነበቱት።

ከጥሩምባ ነፊው በኋላ ጎረቤቶች መጡ። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ይገባሉ፤ እኔን ሲያዩ ያቃናሉ። አንዷማ ያመጣችውን የንፍሮ ስንዴ ይዛ መመለስ ከበዳት፤ «መቼም ከቤት ወጥቷል፤ ለጤናዎ ይሁን» ብላ አስቀመጠችው። ከሰዓት የእድሩ ዳኛ መጡ። ወንበር ሰጠኋቸው፤ አልተቀመጡም።

«ሟርት ነው፤ ይነሣ» አሉ። «በቁም ሰውን እንዲህ አያደርጉም። እኔ በበኩሌ ከቤቴ ሰው ወደዚያ አዳራሽ አይሄድም።»

እሳቸው ካልሄዱ ሰፈሩ አይሄድም። ልጅቷ ጓዳ ሆና ሰምታለች።

በሳምንቱ አጋማሽ የዳባቱ ልጅ ሌላ ፖስተር ሠርቶ መጣ። ፎቶው ያው ነው፤ ጽሑፉ ቀይ ሆኗል፤ ከኋላዬ አውቶቡስና የምትጠልቅ ፀሐይ አለ። ጉንጬ ላይ ደግሞ እንባ።

«ይኸን እንለጥፍበት። ያየ ሁሉ ፊልም መሆኑን ያውቃል፤ አበቃ» አላት።

ስልኩን ተቀብዬ ብዙ አየሁት። «ይኸ እንባ የማን ነው?» አልኩት።

«የኮምፒውተር ነው እማማ።»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። «እምዬ፣ ምን ትያለሽ?»

«ፊቱ የእኔ ነው፣ ሥራው ያንቺ ነው» አልኳት። ብዙም የሚረዳ መልስ አልነበረም። ደክሞኝ ነበር።

«እንግዲያው እሁድ ባዶ ወንበር ቁጠሪ» አለና ሄደ። እሷም አዲሱን ልለጥፍ አላለችም፤ አሮጌውንም አላነሣችም። ቀኖቹ እንዲሁ አለፉ።

ዓርብ ዕለት ከመንገዱ ማዶ የለቅሶ ድምፅ ሰማሁ። የገጠር ለቅሶ ነው፤ ረጅም። ማን ይሆን ብዬ ነጠላዬን ዘቀዘቅኩና ልደርስ ወጣሁ። በሩን ስከፍት ታላቅ እህቴ ናት። ሁለት የአገሯ ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘዋታል።

«አንች!» አለች።

«አቤት፣ እታለም።»

«ቆመሽ ነው?»

«ቆሜ ነው።»

«ታዲያ ነጠላሽን የዘቀዘቅሽው ለማን ነው?»

«ለቅሶ ሰምቼ ነዋ።»

«የኔን ነው የሰማሽ! ለአንች ነው የማለቅሰው!»

ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከደረስጌ በኩል ነው የመጣችው፤ መንገዱ ለጤነኛ ጉልበትም አይመችም። የጎረቤቷ ልጅ ገበያ መጥቶ ፎቶዬን አይቶ ነው የነገራት። በጭነት መኪና ላይ እያለቀሰች መጥታ ድምፅ አልቀራትም።

«ቄሱ ፍትሐት ጀምረውልሻል» አለች፣ ትንፋሿ ሲመለስ።

«አሁን ምን ሊደረግ ነው?»

«ምን ይደረጋል? ይቀመጥልሻል። መቼም አይበላሽም!»

ሁለቱ ሴቶች ፊታቸውን አዙረው ሳቁ። እህቴ አልሳቀችም፤ እጄን ይዛለች፤ አለቀቀችኝም። ልጅቷ ወጥታ ጉልበቷን ስማ ነገሩን ሁሉ አስረዳቻት። እህቴ እስኪያልቅ ሰማች።

«እንግዲህ አሮጊት ተቀምጣ ማየት ነው?»

«አዎ እታለም።»

«ማን ሊመጣ?»

ያን ጊዜ ነው የልጅቷ ዓይን እንባ የሞላው፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እኔም ነገሩን ከዚያ በላይ ማየት አልፈለግሁም። «ነገ ገበያ ነው። ሦስታችን እንወጣለን» አልኩ።

ሰው እንዲያየኝ ብዬ ወጥቼ አላውቅም። የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት የትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆኜ፣ ከጽሕፈት መኪና ኋላ ነው፤ የምወደውም እሱን ነበር። በማግስቱ ግን በፖስተሩ ላይ የለበስኩትን ነጠላ ለበስኩ። እህቴ በምርኩዟ፣ እኔ በክንዷ፣ ልጅቷ ከኋላ። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ተነሥተን በየፖስተሩ ሥር እየቆምን ወደ መናኸሪያው ወረድን። ቃሪያ የምትሸጥ ሴት ፖስተሩን አየች፣ እኔን አየች፤ «በስመ አብ!» ብላ አማተበች።

«ፊልም ነው፤ ነገ ከሰዓት» አልኳት። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

እህቴ ገፋ አደረገችኝና በዚያ በተዘጋ ድምፅዋ ጮኸች፦ «አልሞተችም! ምን ስታደርግ እንደከረመች ነገ መጥታችሁ እዩ!»

ገበያው ሳቀ። ከዚያ በኋላ ዝም የሚያሰኛት አልተገኘም። መናኸሪያው በር ላይ አንድ ባለ ባጃጅ አጠገባችን ቆመ። «እማማ፣ ይግቡ! ከሰማይ የመጣ ሰው አናስከፍልም!»

«ለመመለሻው ነው የምንፈልግህ፤ ጠብቀን» አለችው እህቴ።

የዳባቱ ልጅ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ስልኩን ዘርግቶ እየቀረጸን ነበር። «ይኸ ነው ማስታወቂያ! ይኸ ነው!» ይላል። ማታውን በየሰዉ ስልክ ላይ ደረሰ አሉ። እኔ ቤት እንደገባሁ እግሬን ለብ ባለ ውኃ ነክሬ ተኛሁ።

እሁድ ሰው መጣ። አዳራሹ ሞላ ብል እዋሻለሁ፤ ግን ባዶ አልነበረም። ጥሩምባ ነፊው ከፊት ተቀምጧል። የእድሩ ዳኛ ራሳቸው ቀሩ፤ ባለቤታቸው መጡ። ፊልሙ ሲጀመር ብዙው ሰው እኔን ከወረቀቱና ከመጋረጃው ጋር ሲያስተያይ ነበር።

«መኪናው መቼ ነው የሚመጣው?» አለ አንድ ጎረምሳ ከኋላ።

«አይመጣም። ርእሱን አላነበብክም?» አለው ሌላው።

ጥቂቶች ተነሥተው ወጡ። ጉሙ መጥቶ መናኸሪያውን ሲሸፍነው ግን ወሬው ቆመ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ በዚያ መንገድ ሰው ሲጠብቅ ያልዋለ ማን ነበር? እህቴ ይህን ነገር አታውቅም ነበር። ወደ እኔ ሳትዞር «ብቻሽን ነበርሽ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት።

ሲያልቅ መምህሩ ልጅቷን ሕዝቡ ፊት አቆማት። የትኛውን ሕግ እንደሰበረች ጠየቃት።

«እንባውን የሰበርኩ መስሎኝ ነበር» አለች። «ለካ ግድግዳው ከፊልም በፊት የራሱ ሕግ ነበረው። ያንን ሳላውቅ ነው የሰበርኩት።»

«ብታውቂ ኖሮ ፖስተሩን ትቀይሪው ነበር?»

«አልቀይረውም። አያቴን ግን ከመለጠፌ በፊት ገበያ አወጣት ነበር።»

ሰው ሳቀ፤ መምህሩም ሳቀ። ውጤቱን የሰማነው ከርሞ ነው፤ አልፋለች። ያን ዕለት ግን እኔ የማስበው አልጋዬን ብቻ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ልጅቷ ፖስተሮቹን ስትልጥ፣ እህቴ አንዱን ሳይቀደድ እንድታወርድላት ለመነቻት። ከዚያ እህቴን መናኸሪያ ሸኘኋት። መኪናው ስለዘገየ እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ወረቀቱን ጠቅልላ በክር አስራዋለች።

«ምን ያደርግልሻል?» አልኳት።

«ፎቶው ደህና ነው። ቀንሽ ሲደርስ ሌላ ማሳተም ለምን? ከሥሩ ያለውን ቀን መቀየር ነው።»

«አንቺ ብትቀድሚስ?»

«ያው ይለጠፍልኛላ፤ ጥቁር መሆኑን እንጂ ማን ፊቱን ያያል» አለች።

መኪናው መጣ። ደግፌ አሳፈርኳት። በመስኮቱ በኩል ሳያት ፊቴን ጠቅልላ ጉልበቷ ላይ አድርጋዋለች፤ እንዳይጨማደድ በሁለት እጇ ይዛዋለች። መኪናው ከዓይኔ እስኪጠፋ ቆምኩ፤ ከዚያ ቤቴ ገባሁ።