ብቻዬን አልገባም

ባለፈው ሳምንት ከአዘዞ በታክሲ ስመለስ አንዲት ሴት አጠገቤ ተቀመጠች። ሱዳን የኖረች መሆን አለባት፤ ነጠላዋ የሰንደል ዘይት ይሸት ነበር። ሞቅ ያለ፣ ከበድ ያለ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ሽታ ነው። መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ። ረዳቱ ሲቆጣኝ ሰማሁት፤ እኔ ግን ካርቱም ነበርኩ፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር፣ የሐጃ ክፍል ውስጥ።

እህቴ፣ ይህን ነግሬሽ አላውቅም። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አንዲት መምህርት ቤት ተቀጥሬ አበስላለሁ፣ አጥባለሁ፣ ከበረንዳው ላይ አቧራ ስጠርግ እውላለሁ፤ አቧራው ግን ሳይመሽ ይመለሳል። የመምህርቷ እናት፣ ሐጃ የምንላቸው አሮጊት፣ ግማሽ ጎናቸው ሽባ ሆኖ አልጋ ላይ ከቀሩ ቆይተዋል። እሳቸውን የምታስታምመው ሌላ ሐበሻ ነበረች፤ በሃያ ዓመት የምትበልጠኝ፣ ካርቱም የከረመች የጎጃም ሴት። እትዬ ነበር የምላት። ግቢው ጥግ ባለች ጠባብ ክፍል አብረን እንተኛ ነበር።

ሐጃ ክፉ ነበሩ ማለት ይከብደኛል፤ ሕመም ነው። ግን የሚሠራው እጃቸው ብርቱ ነበር። እትዬ ስትመግባቸው ይተፉባታል፤ ስታገላብጣቸው ይቆነጥጧታል፤ ክንዷ ሁልጊዜ እንደበለዘ ነው። ጀርባቸው እንዳይቆስል በዚያ ዘይት ታሻቸዋለች። ከክፍሉ ስትወጣ የት ሄድሽ ብለው ይጮኻሉ፤ ስትመለስ ደግሞ ውጪልኝ ይሏታል።

እኔ ደክሞኝ ነበር፤ የሥራ ድካም ብቻ አይደለም። አገሬ እያለሁ ሰንበት ተማሪ ነበርኩ፤ ቅዳሴ አያመልጠኝም። እዚያ ግን እረፍታችን ዓርብ ነው፤ እሑድ እኔ ምንጣፍ አራግፋለሁ። ቀስ በቀስ ጸሎቴ ደረቀ። አንድ ቀን ልብስ እያሰጣን፣ «እትዬ፣ እኔ እኮ እግዜርን መተማ ድንበር ላይ ትቼው የመጣሁ ይመስለኛል» አልኳት።

«ምነው፣ ኢቃማ የከለከሉት መሰለሽ?» ብላ ሳቀች። ኢቃማ የመኖሪያ ወረቀታችን ነው፤ እሱን ፍለጋ ያልተንከራተተ ሐበሻ አልነበረም።

ያን ቀን ሁልጊዜ የማየውን ነገር ጠየቅኳት። ሐጃ ክፍል ከመግባቷ በፊት በሩ ላይ ትቆማለች። ሳህን ብትይዝ፣ ባልዲ ብትይዝ፣ ትቆማለች። ማተቧን ነካ ታደርግና ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ ትገባለች። በቀን ሃያ ጊዜም ቢሆን።

«ጌታዬ፣ ብቻዬን አልገባም እለዋለሁ» አለችኝ። አንሶላውን ስትዘረጋ ቆየችና ፊቷን ሳታዞር ቀጠለች። «በመጣሁ በሁለተኛው ወር መትቻቸዋለሁ። ፊታቸውን። ማንም አላየም። እሳቸውም ለልጃቸው አልተናገሩም፤ አዩኝ ብቻ። ያን ቀን ያለ እሱ ምን እንደሆንኩ አወቅኩ። የተቆረጠ ቅርንጫፍ ስንት ቀን ይለመልማል? ሥጋ ወደሙን በዓመት አንዴ ባገኝ ነው። በቀረው ቀን እዚሁ በር ላይ ነው የምንገናኘው።»

ክረምት ላይ ወባ ጣላትና ሐጃን ለአንድ ሳምንት እኔ አስታመምኳቸው። በመጀመሪያው ቀን ሾርባውን ከነሳህኑ ደረቴ ላይ ገለበጡት። ጮህኩባቸው። ወጥቼ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ልብሴ ሰውነቴ ላይ ተጣብቋል፤ ከውስጥ የማራገቢያው ድምፅ ይንቋቋል። እሷ የምትለውን አልኩ። ምንም አልተሰማኝም። ግን ሌላ ሾርባ ቀድቼ ገባሁ።

ይህንኑ ለእትዬ ነገርኳት። በብርድ ልብሱ ውስጥ እየተንቀጠቀጠች፣ «መሰማቱን ማን ጠየቀሽ?» አለችኝ። «ተመልሰሽ አጉርሰሻቸው የለ?»

በሳምንቱ መጨረሻ ሐጃ ደግ አልሆኑም። እኔ ግን መጮሄን ተውኩ።

ከዚያ በረመዳን አንድ ጠዋት ተኩስ ተጀመረ። መምህርቷ ከወንዙ ማዶ ኦምዱርማን ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳ ድልድዩ ተዘጋባት። በስልክ እያለቀሰች እናቴን አደራ አለችን፤ ወዲያው ኔትወርኩም ጠፋ። መብራትና ውሃ ተከታትለው ሄዱ። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ ሐጃ በዚያች እጃቸው የእትዬን ቀሚስ ጨብጠው አይለቁም።

በስምንተኛው ቀን ሳጃና ሰፈር የሚኖር የአገራችን ሰው መጣ። ወደ መደኒ የሚወጣ አውቶቡስ አግኝቷል፤ ከዚያ ገዳሪፍ፣ ከዚያ መተማ። «ያላ፣ ቶሎ በሉ፣ አሥር ደቂቃ ነው ያላችሁ» አለን።

«ሐጃስ?» አለችው እትዬ።

«አውቶቡሱ ውስጥ መቆሚያ እንኳ የለም። የተኛ ሰው እንዴት ይሆናል?»

እትዬ ወደ ሐጃ ክፍል ስታይ ጮህኩባት። «ልጅ አላት! የራሷ ሰዎች አሏት! አንቺ ምኗ ነሽ?»

«እኔም ደክሞኛል» አለች። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «ፈርቻለሁም። ግን ማን ያገላብጣቸዋል? አንቺ ሂጂ፤ ከኔ ጋር ስላልቀረሽ ቅር አይበልሽ።»

የኔ ጫማ ተበጥሶ ነበር። የራሷን አውልቃ ሰጠችኝና በባዶ እግሯ ወደ ውስጥ ተመለሰች።

ሄድኩ። ይኸው ነው፣ ሄድኩ።

ጎንደር ከገባሁ ከወር በኋላ አንዴ ስልኳ ሠራ። ውሃ ከጎረቤት ጉድጓድ እንደምትቀዳ ነገረችኝ፤ ኢንሻላህ አይደርቅም አለች። ይቅር በይኝ ልላት አፌን ስከፍት ሐጃ ሲጣሩ ተሰማኝ። «ቆይ፣ እየጠሩኝ ነው። መልሼ እደውልልሻለሁ» አለችኝ። አልደወለችም።

መምህርቷን ያገኘኋት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፣ ካይሮ ሆና። እናቷ በዚያው ክረምት አርፈዋል፤ ጎረቤቶች ቀብረዋቸዋል። ገላቸውን ያጠቡት ሴቶች ሰውነታቸው ላይ አንድ ቁስል እንኳ አላገኙም። እትዬ ከቀብሩ በኋላ ከሌሎች ሐበሾች ጋር በእግሯ ወደ ካላክላ ሰፈር ስትሄድ ታይታለች። ከዚያ ወዲያ አየሁ ያለ የለም።

አሁን ቤተ ክርስቲያኑ ከቤቴ አምስት ደቂቃ ነው። ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ ክርስቶስን በቅርብ ያወቅኩት ምንም ያልተሰማኝ ያን ሳምንት ነው። እዚህ ከሥራ ስመለስ እግሬ ይዝላል፤ ቆሜ ሳስቀድስ ሐሳቤ ይበተናል።

ከታክሲው በወረድኩ ማግስት ስሟን በጸሎት እንዲያስቡልኝ ቄሱ ዘንድ ሄድኩ። ከሕያዋን ነው ከሙታን ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። ስመ ክርስትናዋን ጠየቁኝ። ሁለት ዓመት አንድ ክፍል ተኝተን እሱንም አላውቅም።

ቄሱም፣ «አንቺ ማን ብለሽ ነበር የምትጠሪያት?» አሉኝ።

«እትዬ» አልኳቸው።

በዚሁ ስም ጸለዩላት።