በእትየ አለምነሽ ግቢ ያጠብኩት ሊሾ

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ አልነገርኩም። ለሞተችው ሚስቴም አልነገርኩም። ስካሬን፣ ሐሜቴን፣ ጾም መግደፌን ሁሉ ዘርዝሬ ስጨርስ አባ «ሌላስ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም» እላለሁ። አለ። አንተ የምታነበው ማን እንደሆንህ አላውቅም፤ የምነግርህም ስለማላውቅህ ነው።

አስቀድመህ ግን ማን እንደሆንኩ እወቅ። እኔ ምትኩ፣ በጎንደር ከተማ በሲሚንቶ ሥራ አቻ ያልነበረኝ ሰው ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። ጣሊያን ትቷቸው የሄደ ቤቶች ደጃፍ ቁጭ ብዬ፣ ወለላቸውን በጥፍሬ እየጫርኩ ነው የተማርኩት። ሲሚንቶ ውሃ እንዳይጠጣ የሚያደርገውን ቅባት ያገኘሁትም ራሴ ነኝ። ሰም አቀልጣለሁ፣ ከእሳት አወርደዋለሁ፣ የተልባ ዘይትና ላምባ እቀላቅልበታለሁ፣ የታጠበና የደረቀ ሊሾ ላይ በጨርቅ አሸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ውሃ ብታፈስበት በኮባ ቅጠል ላይ እንደወደቀ ጠብታ እየተንከባለለ ይወርዳል እንጂ አይሰርግም። ዛሬም ድረስ እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ሰው አላየሁም።

ከሠራኋቸው ግቢዎች ሁሉ የምኮራው ቁስቋም ባለው በእትየ አለምነሽ ግቢ ነበር። ባለቤቷ በሕይወት ሳለ፣ ከአብዮቱ በፊት ነው የሠራሁት። ከበሩ እስከ ቤቱ ደጃፍ አንድ ወጥ ሊሾ፣ ስንጥቅ የለው፣ ጎርበጥ የለው። በዚያ በኩል ሳልፍ ሆን ብዬ ቀና እያልኩ ወደ ውስጥ አይ ነበር።

በቀይ ሽብር ጊዜ የእትየ አለምነሽን አንድ ልጅ፣ ደረጀን፣ በዚያ ሊሾ ላይ ገደሉት። ተማሪ ነበር። ተደብቆ ከርሞ ልብስ ሊቀይር ቢመጣ ግቢው ውስጥ ጠብቀው መቱት። ሬሳውን በመኪና ወሰዱት፤ ለእናቱ አልተሰጣትም። ማልቀስ ክልክል ነበር። እሷ ደሙ ላይ ሰፌድ ደፋችበት፣ በሰፌዱ ላይ ድንጋይ አስቀመጠች፣ አላጥብም አለች።

ቀበሌው እኔን አስጠራኝ። ሊቀመንበሩ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ደሙ ይታጠብ።» እንዳልሸሽ ይሁን እንዳትከለክለኝ እንጃ፣ አንድ ጠብመንጃ የያዘ አብዮት ጠባቂ ላኩብኝ። ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣ የገበሬ ልጅ ነው። ግቢው ስንገባ ሊሾውን በእግሩ ዳበሰና፣ «አያ ምትኩ፣ ይሄን አንተ ነህ የሠራኸው? ሸጋ አውድማ ይወጣው ነበር። ምን ያደርጋል፣ በሬ ያንሸራትታል» አለኝ። እኔም የሰው ደም አጠገብ ቆሜ ሳቅሁ። ሥራዬን አመሰገነልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

እትየ አለምነሽ ወጣች። ጠባቂውን አላየችውም፤ እኔን ብቻ አየች።

«ምትኩ» አለችኝ፣ «መሮህን ይዘሃል?»

«ይዣለሁ እትየ።»

«እንግዲያ መዳፍ የምታህል ፈልፍለህ ስጠኝ። የንስሐ አባቴን ጠይቄያቸዋለሁ። ደሙ ካለበት ፍትሐት እናደርስለታለን ብለውኛል። በነጠላ ጠቅልዬ ቁስቋም አስቀብረዋለሁ። መቃብር ይኑረው እንጂ።»

ያን ጊዜ የሆነውን ልብ ብለህ ስማኝ፤ የኔ ኃጢአት ያለው እዚህ ላይ ነው። ጠባቂው ሰምቷል። ወደኔ ጠጋ ብሎ፣ «ስጣት ምነው። እኔ አላየሁም» አለና ወደ በሩ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶን ከኪሱ ገብስ ቆሎ እያወጣ ይቆረጥም ጀመር።

ታዲያ ማን ከለከለኝ? ሊቀመንበሩ አልነበረም። ጠብመንጃው ዞሯል። መሮውና መዶሻው እጄ ላይ ናቸው። የከለከለኝ ሊሾው ነው። ያ አንድ ወጥ ሊሾዬ መሐሉ ላይ ሊቦደስ ነው ብዬ አሰብኩ። ብለጥፈው ልጥፉ ይታያል፤ መንገደኛ ሁሉ የምትኩ ሥራ ተቦደሰ ይላል። እኔ ይህን አሰብኩ። ልጇ የተቀበረበትን የማታውቅ እናት ፊት ቆሜ፣ እኔ ይህን አሰብኩ።

«መጀመሪያ ልጠበው እትየ» አልኳት። «ታጥቦ የሚቀር ካለ እፈለፍልልሻለሁ።»

አመነችኝ። ነጭ ነጠላ ልታመጣ ገባች።

እኔም አጠብኩ። ደም በሙቅ ውሃ አይነካም፣ ይይዛል፤ ይህን አውቅ ነበር። በቀዝቃዛ ውሃ፣ በአመድና በደረቅ ሳሙና፣ በሽቦ ብሩሽ ፈተግሁት። ከላይ ሲለቅ ከሥር መጣ። የድሮው ቅባት ካለቀ ቆይቷል፤ ያልተቀባ ሲሚንቶ ደም ይጠጣል። በሞረድ እየሸረሸርኩ ተከተልኩት። ውሃው ቀይ ሆኖ በቦዩ ወደ መንገዱ ወረደ፤ እየቆየ ፈዛዛ ቀይ፣ እየቆየ ንጹሕ ሆነ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተጠንቅቄ የሠራሁበት ቀን የለም። እሷ ነጠላውን ክንዷ ላይ አጥፋ፣ ደሙ ሲፈተግ እንዳታይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ የደጃፉ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ፀሐዩ ሊሾውን አደረቀው። ቅባቴንም ከዳር እስከ ዳር አሸሁበት። እንዳጥብ እንጂ እንድቀባ ማን አዘዘኝ? ማንም። ሥራዬ እንዳማረ እንዲቀር ፈልጌ ነው።

ስጨርስ ተነሣች። ነጠላውን ዘረጋች። ሄደች፣ ተመለሰች፣ ጎንበስ ብላ ፈለገች። ሰፌዱን ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ድንጋዩን ወደ አጥሩ የወረወርኩት እኔ ነኝ። ግቢው በሙሉ አንድ ዓይነት አብረቅራቂ ሆኗል።

«የቱ ጋ ነበር ምትኩ?» አለችኝ።

ቦታውን አውቃለሁ። ከሥሩ ገና ደም እንዳለም አውቃለሁ። አንድ ጊዜ በመሮ ብመታው ልሰጣት እችል ነበር። እኔ ግን ምን አልኳት? በኩራት፣ ደረቴን ነፍቼ፣

«አየሽ እትየ? ምንም አይታይም» አልኳት።

ነጠላዋን አጣጥፋ ገባች።

ከዚያ በኋላ በዚያ በር ሳልፍ አንድ ጠዋት አየኋት። ከቁስቋም ያመጣችውን ጠበል በጣሳ ይዛ ሊሾው ላይ ታፈስሳለች። ልኩ ቦታ ስለጠፋባት እዚህም እዚያም ታፈስሳለች። ጠበሉ ጠብታ ጠብታ እየሆነ፣ እየተንከባለለ፣ በቦዩ ወደ መንገዱ ወረደና እግሬ ሥር ደረሰ። አንዲትም ጠብታ አልገባችም። ቅባቴ ሠርቷል። ሸሸሁ።

እሷ ከሞተች ቆየች። ሰፈርተኛው «ምትኩ ምን ያድርግ፣ በጠብመንጃ አስገድደውት ነው» ይላል። እኔም ይህን ሁሉ ዘመን «ጊዜው ነዋ» እያልኩ ዝም አልኩ። ጊዜው ክፉ ነበር፤ በዚያ ሰዓት በዚያ ግቢ ግን ከጠባቂውም ከእኔም ክፉው እኔ ነበርኩ። አሁን ዝናብ በዘነበ ቁጥር ጣራዬ ላይ ሳይሆን በዚያ ሊሾ ላይ ሲንከባለል ነው የምሰማው። ሊሾው ዛሬም አልተሰነጠቀም። የሌሎቹ ሁሉ ፈርሷል፤ የኔ አለ። እንዲፈርስ ስለት ተስዬ አውቃለሁ።

ይቅርታ አልለምንህም። ይቅር ልትለኝ የምትችለው እሷ ነበረች፤ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፣ አልመለስኩላትም። አሁን ልመልስ።

እትየ፣ ከደጃፉ ስትወጪ በስተግራ ነው። ጠዋት ፀሐይ መጀመሪያ የሚያርፍበት፣ እኔን ስትጠብቂ ተቀምጠሽበት ከነበረው ደረጃ እጅሽን ብትዘረጊ የሚደርስበት። እዚያ ጋ ነበር።