የኔታ ሳክስፎን ያረሙ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት፣ ደብረ ታቦር፣ የድጓ መምህሩ የኔታ ግቢ ውስጥ ተቀምጬ በስልኬ ጃዝ ከፈትኩ። በጤናዬ ነው።

ነገሩ የጓደኛዬ የይበልጣል ነው። ከዓመታት በፊት እኒሁ የኔታ ዘንድ ድጓ ይማር ነበር፤ አንድ ቀን ሳይሰናበት ጠፋ። አሁን ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ ደርሶ፣ ከጃዝ ተጫዋቾች ጋር የመጀመሪያ አልበሙን ጨርሷል። ሊለቀው ሳምንት ሲቀረው ግን «የኔታ ሳይመርቁኝ አይወጣም!» ብሎ ድርቅ አለ።

አብረን መጣን። በሩ ላይ ስንደርስ እኔን አስገባና እሱ ውጭ ቀረ። ከድንጋይ ካቡ በላይ አናቱ ብቻ ይታየኛል... ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል።

«ዘፈን አልሰማም» አሉ የኔታ።

«ጃዝ ነው፣ የኔታ።»

«ጃዝ ደግሞ ምንድን ነው?»

«እኛም አጣርተን አናውቀውም።»

«እንግዲያስ ይሰማ።»

መጀመሪያ ይበልጣል አዜመ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀጥሎ ሳክስፎኑ ገባ... ወጣ፣ ወረደ፣ የሆነ ቦታ ሄዶ ቀረ። መቋሚያቸው ድንጋዩን መታው። ኳ!

«ጠፋበት! ከመጀመሪያው ይበል!»

የድጓ ቤት ሕግ ነው፤ የሳተ ተማሪ ከመጀመሪያው ይላል። ምን አደርጋለሁ፣ መለስኩት። ሳክስፎኑ እዚያችው ቦታ ላይ ጠፋ። ኳ! ሦስተኛ መለስኩት። የስልኬ ባትሪ ስድስት በመቶ ደርሷል። ካቡ ላይ ያለው አናት ሩጫ ሊጀምር ምንም አልቀረውም።

በሦስተኛው መቋሚያው ዝም አለ። የኔታ እስከ ማብቂያው ሰሙ።

«ይሄ የሚነፋው ልጅ ለካ ይመለሳል» አሉ። «ጠፍቶ ጠፍቶ... ይመለሳል።»

ደስ ሊለኝ ስል ቀጠሉ።

«የኛው ነው ንቅንቅ ያላለው። አንዲት ቦታ እንኳ አልሳተ። ዛሬም መቋሚያዬን እየፈራ ነው የሚያዜመው።»

ከዚያ ወደ ካቡ ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«አንተ! ግቢዬን ስንት ጊዜ ልትዞረው ነው? ግባ!»

ይበልጣል ገብቶ ጉልበታቸውን ሳመ። ሳይሰናበት ስለ መጥፋቱ አንድም ቃል አልተናገሩትም። ረጅም ምርቃት መረቁት፤ አሜን አልን። ልንነሣ ስንል መቋሚያውን አንሥተው ለእሱ ሰጡት።

«እንካ፣ ይኸው ካንተ ጋር ይሁን። አሁን ማን ይመታሃል? ሂድና ጥፋ።»

አልበሙ መቼ ይወጣል እያላችሁ ለምትጠይቁኝ... ምርቃቱ ተገኝቷል። ዘፋኙ ግን ስቱዲዮ ተመልሶ ከመጀመሪያው እያለ ነው።