ሼህ ላብራቶሪ የልጃቸውን ኒካህ ሲያዘገዩ

ከመካነ ሰላም ወደ ጅዳ ልወጣ በዋዜማው ምሽት አባቴ ጎረቤቱን ሰብስበው ዱአ አስደረጉልኝ። ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ፣ ጫቱ ቀረበ፣ ሽማግሌዎቹ በየተራ መረቁኝ። አንዱማ «አላህ ከአሸዋውም ከሴቱም ይጠብቅህ» አሉኝ። ሁሉም አሚን አለ፤ እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ አልኩ። ከአሸዋው እስካሁን ደህና ነኝ።

አባቴ ቁርአን ያስቀራሉ፣ ኒካህ ያስራሉ። ራሳቸው ያጋቧቸውን ባልና ሚስት አከታትለው ከቀበሩ ወዲህ ግን ሁለቱም የኤች አይ ቪ ምርመራ ካላደረጉ ኒካህ አላስርም ብለው አስቸገሩ። ከተማው «ሼህ ላብራቶሪ» የሚል ስም አወጣላቸው። እሳቸውም ሲጠሩበት አይቆጡም፣ እንዲያውም አቤት ይላሉ። ለእኔ የታጨችልኝ ዘይነባ ናት፤ እዚያው ከተማ ሱቅ ከፍታ ጨርቅ ትሸጣለች፣ ብዙ አትናገርም። እኔ ጅዳ ከረጋሁ በኋላ አጎቴ ወኪሌ ሆኖ ኒካሁ ሊታሰር ቀጠሮ ተይዞ ነበር።

አዲስ አበባ ደላላው ባሳረፈን ቤት ሐያትን አገኘኋት። የጎረቤታችን የወግዲ ልጅ ናት፣ የቤሩት ቪዛ ትጠብቅ ነበር። በዚያ ቤት ሽሮ ቅጥነት አብረን ስንሳለቅ ተግባባን፤ ሰው አገር ገና ሳይወጣ የአገሩን ሰው ይናፍቃል ቢሉኝ አላምንም ነበር። በረራዬ ሲቃረብ አንድ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጭር አለ፤ እኔና እሷ ብቻ ቀረን።

«ምርመራ ጨርሰሃል?» አለችኝ።

«ጨርሻለሁ። አንቺስ?»

ሻንጣዋን ከፍታ የጉዞ ሕክምና ወረቀቷን አወጣች። እኔም የእኔን አወጣሁ። ተቀያይረን በጥሞና አነበብን። ሁለታችንም ጤነኞች ነን፣ ማህተሙም ደማቅ ነው። ከዚያ በኋላ ኮንዶም የሚለውን ቃል ማንሳት ሐኪሞቹን መስደብ መሰለን። አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ከዚያ እኔ በረርኩ፣ እሷም በሳምንቱ ወደ ቤሩት ልትበር ነበር።

ጅዳ ስደርስ የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ሞተሩ ፊቴ ላይ የተነፈሰ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አየሩ ነው። በአገሬ የአቀስታን ብርድ ስረግም የኖርኩ ሰው ያን ቀን በልቤ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ አልኩት። ሥራዬ ሃሪስ ነው፤ የሕንፃ ዘበኛ ማለት ነው፣ የምተኛውም ደረጃው ሥር ነው። ለመኖሪያ ፈቃዱ፣ ለኢቃማው፣ ገና በሁለተኛው ሳምንቴ ደሜን ወሰዱ። ነፃ ነህ ተባልኩ። አባቴ ይህን በስልክ ሲሰሙ «በቃ፣ ዐረቦቹ ከእኛ ይጠነቅቃሉ» ብለው የኒካሁን ቀን ቆረጡ። ዘይነባ ጤና ጣቢያ ሄዳ ድርሻዋን ጨርሳለች።

በሕንፃው ውስጥ ኡስማን የሚባል ሱዳናዊ ይኖራል፣ የግል ክሊኒክ ውስጥ የላብራቶሪ ባለሙያ ነው። ኒካሄ መድረሱን፣ በአባቴም ደንብ ሁለት ጊዜ ተመርምሬ ማለፌን በኩራት ነገርኩት። የአባቴን ቅጽል ስም ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ።

«ለመሆኑ መጨረሻ ከሴት ጋር የተኛኸው መቼ ነው?»

«ልመጣ ስል።»

መሳቁን አቆመ። «እንግዲያው የመጀመሪያው ምርመራ ከእሷ በፊት ስለሆነ አይቆጠርም። ሁለተኛው ደግሞ በጣም ቸኩሏል። ምርመራው የሚፈልገው ሰውነትህ ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራውን ነገር ነው። ሰውነት እሱን ለመሥራት ሳምንታት ይፈጅበታል፤ ለእርግጠኛ ሦስት ወር ጠብቅ። ከዚያ በፊት የተያዘም ሰው ነፃ ሊባል ይችላል።»

«እሷ እኮ ወረቀት ነበራት።»

«የእሷም ወረቀት ያው ነው። ከመመርመሯ በፊት በነበሩት ሳምንታት የሆነውን አያውቅም። በሦስት ቀን ውስጥ ብትደርስ የሚከላከል መድኃኒት ነበር፤ አሁን አልፎሃል። ሦስት ወሩ ሲሞላ እኔ ዘንድ ና። ግን እወቀው፣ ከተገኘብህ እዚህ አገር ከክሊኒክ የሚወስዱህ ወደ ኤርፖርት ነው።»

ፈራሁ። መታመምንም መባረርንም ፈራሁ። ከሁሉ ያስፈራኝ ግን ዝም ብል ማንም እንደማያውቅ ማወቄ ነው። ኒካሁ ይታሰራል፣ ለእረፍት እሄዳለሁ፣ ዘይነባ በንጹሕ ደሟ ትቀበለኛለች።

ደወልኩ። «አባ፣ የኢቃማው ምርመራ አይበቃም።»

«ለምን አይበቃም?»

«ልመጣ ስል ከአንዲት ሴት ጋር ነበርኩ። ሦስት ወር ካልሞላ አይታወቅም አሉኝ።»

አባቴ ደጋግመው ሳሉ። «ይህን ነገር ለሌላ ሰው ልጅ ስናገር ቀላል ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ኒካሁ ይቆያል። ለዘይነባ አንተው ንገራት።»

ነገርኳት። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ የት አገር ልጅ ናት አለችኝ። ወግዲ አልኳት። «ውጤቱን ከአባትህ በፊት ለእኔ ትነግረኛለህ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

አባቴ ኒካሁ መራዘሙን ለመስጊዱ ጀማ ተናገሩ፤ ምክንያቱን አልተናገሩም፣ የቀረውን ከተማው ሞላው። ሳንባዬም ጉበቴም አንድ ሳይቀር እንደታመመ ከመካነ ሰላም ይደወልልኝ ጀመር። የሚገርመው፣ ደረጃው ሥር ተኝቼ እኔም አንዳንዱን አመንኩት። አላበኝ፤ ጅዳ ማንን አያልበውም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ቀኑ ሲደርስ አሠሪዬን አቡ ሳሊህን ፈቃድ ጠየቅሁ።

«ወዴት ነው?»

«ክሊኒክ።»

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም።»

«ምንም ያልሆነ ሰው ክሊኒክ ምን ያደርጋል?»

«ምንም አለመሆኔን እንዲነግሩኝ ነው።»

«እኔ ልንገርህ፣ ምንም አልሆንክም። በሩን ጠብቅ።»

ከምሳ በኋላ ሲተኛ ሄድኩ። ኡስማን ደሜን ወስዶ በር ላይ አስቀመጠኝ። ብቅ ሲል ፊቱን አይቼ ማወቅ ፈለግሁ፤ ፊቱ ግን ሥራ ላይ እንዳለ ሰው የተኮሳተረ ነው። «ነፃ ነህ» አለኝ፤ «ይህኛው የእውነት ነው።» እዚያው ወንበር ላይ አለቀስኩ። ሰው ያየኛል ብዬም አላፈርኩም።

እንደ ቃሌ መጀመሪያ ለዘይነባ ደወልኩ።

«ነፃ ነኝ።»

«አልሀምዱሊላህ» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። ቀጥላም፣ «ልጅቷስ?»

«የቷ?»

«የወግዲዋ ናታ። አንተ ነፃ መሆንህን ሰምታለች?»

ያን ሁሉ ጊዜ ሐያትን ያሰብኳት ምን ሰጥታኝ ይሆን እያልኩ ብቻ ነበር። ቤሩት ውስጥ ለእሷም አንድ ኡስማን ስለ ሦስት ወሩ ነግሯት፣ እንቅልፍ አጥታ ይሆናል ብዬ አንድ ቀን አላሰብኩም።

«ስልኳ የለኝም» አልኩ።

«የማን ልጅ ናት?»

የአባቷን ስም ነገርኳት።

«ቅዳሜ ወግዲ እወርዳለሁ። ቁጥሯን ከቤተሰቦቿ እጠይቃለሁ።»

«ማን ነኝ ብለሽ?»

ከስልኩ ወዲያ ዝናቡ የሱቋን ቆርቆሮ ሲደበድበው ይሰማኛል። ጅዳ ከመጣሁ ዝናብ አላየሁም፤ እንዳትዘጋው ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ።

«እሱን መንገድ ላይ አስብበታለሁ» አለች። «ኒካሁንም እግረ መንገዴን።»